ስትማር ማን አየ?

ልጄን ከቤት ያላስወጣኋት እኔ ነኝ። አባቷ የአሰብ መንገድ ሾፌር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ቤት አይገኝም፤ ውሳኔው የእኔ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ያመጣችው፣ ጠዋት የወጣ ወጣት ማታ መመለሱ በማይታወቅበት በዚያ ክፉ ጊዜ ነው። በጓሮ በኩል አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ልጇን አዲስ አበባ ሲማር ያዙባት። ስንቅ ይዛ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ስትመላለስ ከረመች። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ሳህኑን ሳይቀበላት «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ያን ቃል በጆሮዬ ሰማሁት። ቤቴ ስገባ የልጄን ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁና አጣጥፋ ያስገባችውን ልብስ አንድ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ መልሼ ሰቀልኩት።

«እማ፣ ቦታው እኮ ያልፈኛል» አለችኝ።

«ይለፍሽ» አልኳት።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፤ ኑሮዬም የተማሪ ካኪ መስፋት ስለነበር የጨርቅ ልክ አሳምሬ እደምራለሁ። ከዚያ ያለፈ ትምህርት ምን እንደሚመስል አላውቅም። ስለዚህ ልጄ ቤት ተቀምጣ ቁልፍ ቀዳዳ ስትሰፋልኝ ስትውል ምን እያጣች እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀኑን ሙሉ አትናገርም። አንዳንዴ የካኪውን ልክ በጠመኔ ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ ታይና «ተሳስተሻል» ትለኛለች። እሱንም ደስ ብሏት አይደለም።

መላ ያመጣልን የአባቷ ወንድም ነው። መርከበኛ ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ እንዲህ ሆና አገኛትና እንግሊዝ አገር በፖስታ የሚያስተምር ኮሌጅ አለ አለን። ትምህርቱን በፖስታ ይልካሉ፣ ሠርተሽ ትመልሺያለሽ፣ አርመው ይልኩልሻል፣ መጨረሻ ላይ ዲፕሎማ ይሰጡሻል። መርከባቸው እዚያ ስትደርስ ራሱ ሄዶ አስመዘገባት፤ ክፍያውንም እዚያው ከደመወዙ ከፈለላት። የመረጠችው የሒሳብ አያያዝ ነው።

እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከቤት አትወጣም።

ፖስታ ቤት ለቤት አይታደልም፤ የፖስታ ሣጥን ያስፈልጋል። በእኛ ሰፈር ሣጥን የነበራቸው መምህሩ ብቻ ነበሩ። የጴንጤ ሰው ናቸው። ያስተምሩበት የነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወርሶ፣ የሚጸልዩበት ቤት ታሽጎ፣ ልጆች ቤታቸው እየጠሩ እንግሊዝኛ በማስጠናት ነበር የሚኖሩት። ሰው ሰላምታቸውን እንኳ ፈጠን አድርጎ ነው የሚመልሰው። እኔም ሄጄ ስለምናቸው በጓሮ በር ነው የገባሁት። እሳቸው ሣቅ ብለው «ከፊት ለፊትም መግቢያ አለን እኮ እትዬ» አሉኝና ሣጥኑን ፈቀዱልን።

እንዲህ ተጀመረ። ልጄ ስታጠና ጮክ ብላ ማንበብ ትወዳለች፤ ያውም በእንግሊዝኛ። በኛ መስኮት ሥር ደግሞ የቀበሌ ሰው ያልፋል። ለመስኮቱ ድርብ የካኪ መጋረጃ ሰፋሁለት። ቀኔ ሁሉ «ቀስ በይ» በማለት ያልቅ ነበር። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ «ቀስ በይ»፣ ወጥ እያማሰልኩ «ቀስ በይ»። አንዳንዱ ፖስታ ተከፍቶ፣ እንደገና በሙጫ ተለጥፎ ነው የሚደርሰን። እኔ የሙጫውን ምልክት አገላብጬ አያለሁ፤ እሷ ትስቃለች።

«ይሄ የሚከፍተው ሰውዬ እማ፣ እኔ የደረስኩበት ምዕራፍ ሳይደርስ አይቀርም። ዲፕሎማውን ለሁለታችን ይላኩልን።»

«ቀስ በይ!»

የመጨረሻው ፈተና ሲመጣ ኮሌጁ በተማረ ሰው ፊት ካልተፈተነች አይቆጠርም አለ። ያው መምህሩ ናቸው የቆሙላት። የታሸገውን ፖስታ ይዘው መጡ፣ ፊታችን ቀደዱት፣ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ እኔን ከክፍሉ አስወጡኝ። በገዛ ቤቴ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ ይዤ ልግባ ብል «ሲያልቅ» አሉኝ ከውስጥ። ልጄ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም ስትጠይቃቸው ሰምቼአለሁ። «ዛሬ እንግሊዝኛ አላውቅም» ነበር ያሏት። ሲያልቅ እሷ እያየች አሽገው፣ ፈርመውበት፣ እሳቸው ራሳቸው ፖስታ ቤት ይዘውት ሄዱ።

ዲፕሎማው የመጣ ዕለት ድግስ አልደገስንም። ማን ሰምቶ ምን እንደሚል አይታወቅም። የስፌት ቁራጭ የማኖርበት መሳቢያ ውስጥ፣ እንዳይጨማደድ በሁለት ካርቶን መሀል አስተኛሁት።

በዚያው ሰሞን የልጄ የክፍል ጓደኛ ከሶቪየት ኅብረት ተመርቆ መጣ። ለእሱ በግ ታረደ። በናዝሬት ሙቀት የሱፍ ካፖርት ለብሶ፣ ግንባሩ በላብ እየረጠበ ሰላም ሊለን ቤታችን ገባ። እርሻ ነው የተማረው። አርሲ ነገሌ መድበውት ነበር። ልጄ ዲፕሎማውን አውጥታ ብታሳየው አገላብጦ አየው።

«ጎበዝ ነሽ» አላት። «ግን ተዘጋጂ። የአንቺን አያዩትም። የኔን አይተው ይስቃሉ።»

«ማነው የሚስቀው? አንተን መንግሥት ልኮህ?»

«አለቃዬ በጃንሆይ ጊዜ አሜሪካ የተማረ ነው። የመጀመሪያ ቀን ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እናንተ በአውሮፕላን ሄዳችሁ በመፈክር የተመለሳችሁ› አለኝ። ግን ቀጥሮኛል። አልቀጥርም ማለት አይችልማ።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያልሳቅሁት «አያዩትም» ያላት ቃል ሆዴ ውስጥ ስለቀረ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ለጠፈ። የመንግሥት እርሻዎችን ምርት የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ነው። ልጄ ማመልከቻ ጽፋ ቴምብር ለጥፋ ስትነሣ እኔም ነጠላዬን ለበስኩ።

«እማ፣ ሥራ ስጠይቅ እናቴን ይዤ ልግባ?»

«ውጭ እቆማለሁ።»

ውጭ አልቆምኩም። በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ገባሁ።

የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ወፍራም፣ መነጽር ያደረገ፣ በጎ የሚመስል ሰው ነው። ወረቀቱን ፊቱንም ጀርባውንም አየው።

«ይሄ ኮሌጅ የት ነው ያለው?»

«ለንደን» አለች ልጄ።

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ናዝሬት።»

«እሱ ለንደን፣ አንቺ ናዝሬት። ታዲያ የት ተገናኛችሁ?»

ጥግ የተቀመጠችው ታይፒስት ሳቀች። ልጄ አንገቷ ድረስ ቀላች።

«በፖስታ ነው የተማርኩት። ከዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ እኩል ነው፤ የትምህርቱ ዝርዝር ጀርባው ላይ አለ።»

«በፖስታ ሰላምታ ይላካል እህቴ። ስሚኝ፤ ልጎዳሽ ብዬ አይደለም። እዚህ ከሞስኮ የመጣ ይቀጠራል፣ ከበርሊን የመጣ ይቀጠራል። መንግሥት መርጦ ልኮታል፣ መንግሥት ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብሎታል። ምን እንደተማረ ባላውቅ እንኳ መሄዱን አውቃለሁ። የምዕራቡም ቢሆን መምህር ፊት ተቀምጧል፣ ስሙን ጠርተውታል፣ አቤት ብሏል። ይሄ ግን ማንም ሳያይ ከጓዳ የሚወጣ ወረቀት ነው። ወንድምሽ ይሥራው፣ ጓደኛሽ ይሥራው፣ እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺን ስትማሪ ማን አየ?»

«ያየ አለ» አልኩ እኔ።

ያን ጊዜ ነው መኖሬን ያየው። «እርስዎ እናቷ ነዎት?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እናት አትቆጠርም።»

«ሌላም ያየ አለ።»

«እንግዲያው ያምጧቸዋ» አለና ተነሣ። ማመልከቻውን ከሌሎቹ ጋር ደረበው።

እሱ እኛን ለመሸኘት ያለውን እኔ ቀጠሮ አድርጌ ያዝኩት። በእኛ ዘንድ የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ዕድሜው የሚጸናው በምስክር ነው። ጋብቻው የጠፋበት፣ የቤቱ ወሰን የተገፋበት፣ ቀበሌ ሦስት ሰው ይዞ ይቀርብና ቃላቸው ይጻፋል፤ አለቀ። እኔ የማውቀው መንግሥት እንዲህ ነው። ወረቀት ካልታመነ ሰው ይታመናል።

«እማ፣ ትምህርት እኮ እንደ ቤት ወሰን በጎረቤት አይመሰከርም!» አለች ልጄ መንገድ ላይ።

«ለምን አይመሰከርም?»

እስከ ዛሬም የመለሰልኝ ሰው የለም።

መጀመሪያ የሄድኩት ዘበኛው ዘንድ ነው። በመልካሳ በኩል ካለ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በሰዓት እላፊ ጊዜ ጠብመንጃ ይዘው ሰፈራችንን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው «ለኢንተላ ኮ ነው? ለልጄ?» ብለው ወዲያው ካፖርታቸውን አነሱ። ነገ ነው ብዬ አስቀመጥኳቸው። ቀጥሎ ጎረቤቴ። ልጇን ያጣችው። ቡና እየለቀመች ነበር፤ ቀና ሳትል ሰማችኝ። «የመንግሥት ቢሮ አልገባም ብዬ ነበር» አለች። ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችና «ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ሦስተኛው ቸገረኝ። ፈተናውን ያዩት መምህሩ ናቸው፤ እውነተኛው ምስክር እሳቸው ብቻ ናቸው። ግን የእሳቸውን ስም በመንግሥት ሰው ፊት ማንሣት ለሳቸውም ለእኛም አደጋ ነው። አስቤ አስቤ ሌላ ሰው ልፈልግ ወሰንኩ። ልጄ ግን ቀድማ ነግራቸው ኖሮ በማግሥቱ ጠዋት አሮጌ ሱፋቸውን ለብሰው በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«እርስዎ ይቅሩብን፣ መምህር» አልኳቸው። «ለእርስዎም አይበጅ።»

«ማን አየ ብሏል አይደል?»

«ብሏል።»

«እኔ ነኛ ያየሁት» አሉ።

አንድ ላይ ተሰልፈን ስንገባ ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ አለ። ለቀብር የተሰበሰብን መስሎት ነበር መሰለኝ። ታይፒስቷ መምታቷን አቆመች፤ ከሌሎች ክፍሎችም ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ። ጫጫታውን ሰምቶ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ መጣ። ወጣት ነው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ።

«ምስክሮች ናቸው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ጌታ ድሮ ቀርቷል እናቴ። ጓድ በይ። የምን ምስክር?»

ኃላፊው አፍሮ ነገሩን አስረዳው። ካድሬው ከት ብሎ ሳቀና «ይናገሩ፣ ይናገሩ፤ መጥተው የለ?» አለ።

ዘበኛው ቀደሙ። ለሁሉም «አካም ቡልተኒ» ብለው እጅ ነሱና ጀመሩ።

«እኔ ጥበቃ ነኝ። ከሰዓት እላፊ በኋላ መብራት የበራበት ቤት ሁሉ የኔ ነው። መስኮቱን እመታለሁ። ማነው? እላለሁ። ‹ሒሳብ ነው አባባ› ትላለች። ሌላ ቀን እመታለሁ። ‹ሒሳብ ነው።› ዝናብ ሲዘንብ ሒሳብ ነው፣ በዓል ሲሆን ሒሳብ ነው። አንድ ቀን ተናደድኩና ‹የማነው ይሄ ሁሉ ሒሳብ? የመንግሥት ነው ወይ?› አልኳት።»

በሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ኃላፊውም ሳቀ።

«ሒሳቡ ልክ መሆኑን ግን በምን አወቁ አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ! እኔ የማውቀው አለመተኛቷን ነው። ዱጋ፣ እውነት ነው የምላችሁ፤ እኔ ደክሞኝ ግድግዳ ተደግፌ ሳንቀላፋ እሷ አልተኛችም። ለሐሰት ወረቀት ይሄን ያህል ምን አስነቃት?»

ሳቁ ሳያልቅ ጎረቤቴ ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

«ቤቷ ነበረች። በአጥር አያታለሁ። ጠዋትም አያታለሁ፣ ማታም አያታለሁ። የትም አልሄደች። እናቷ አልለቀቀቻትም።» ቆም አለች። «ደግ አደረገች።»

ማንም አልሳቀም። ካድሬው ጫማውን አየ። ስለ ልጇ ይወቅ አይወቅ አላውቅም፤ ግን ሌላ አልጠየቃትም። እኔ እጇን ያዝኳት። እንደ በረዶ ነበር።

ከዚያ መምህሩ። ፈተናው እንዴት እንደታሸገ፣ እንዴት እንደተከፈተ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዱ ሁሉ ረጋ ብለው ተናገሩ። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ በጥሞና ያዳምጥ ጀመር። እኔም ተስፋ ገባኝ። ሊጽፍ እስክሪፕቶ ሲያነሣ አይቻለሁ።

ካድሬው ግድግዳውን ለቆ ቀረብ አለ።

«የት ነው የሚያስተምሩት?»

«አሁን አላስተምርም። ትምህርት ቤቱ ተወርሷል።»

«የማን ነበር?»

«የሚሲዮን።»

ከበሩ ላይ ሰው መበተን ጀመረ። ታይፒስቷ እንደገና መምታት ጀመረች።

«እና የለንደኑ ፖስታ በእርስዎ ሣጥን ነበር የሚመጣው?»

«በእኔ ሣጥን።»

«በየወሩ?»

«አንዳንዴ ይዘገይ ነበር» አሉ መምህሩ፣ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል።

«ከዚህስ ምን ይላክ ነበር?»

«የሠራችው የቤት ሥራ።»

«ሌላ?»

«ሌላ ምንም።»

ኃላፊው እስክሪፕቶውን መልሶ አኖረው። የሰበሰብኳቸው ሰዎች ልጄን ሊያግዟት የመጡ ናቸው፤ አሁን ግን በየተራ ፊታቸውን ለሚመዘግብ ሰው እያሳየሁ እንዳለሁ ታወቀኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ካድሬው ግን አልተቆጣም። ወደ ልጄ ዞረ።

«አንቺ ብልህ ነሽ። ይሄን ሁሉ ድካም ለምን ትደክሚያለሽ? ኮታ አለን። ሶሻሊስት አገር እንላክሽ። አምስት ዓመት ተምረሽ ትመጫለሽ፤ ማንም ማን አየሽ አይልሽም።»

«የተማርኩትን?» አለች ልጄ። «እንደገና?»

«እንደገና። ቋንቋውም ይጨመርልሻል።»

ልጄ እኔን አየችኝ። በዚያች ቅጽበት ዐይኖቼ ምን እንዳሏት አላውቅም። በሆዴ ግን ሁለት ነገር ይጮኽ ነበር፦ ትሂድና ሰው ይመናት፤ አትሂድብኝ።

«እዚሁ ብሠራ ይሻለኛል» አለች።

ውሳኔው የተለጠፈው ከሳምንታት በኋላ ነው። ልጄ ተቀጥራለች። የተቀጠረችው ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ባጠናቀቀችበት፣ በጸሐፊነት ነው። ቦታው ዓለም ጤና፣ ከመቂ ወዲህ፣ ሽንኩርት የሚሰበሰብበት ጣቢያ። ዲፕሎማዋ ለግምት ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ መልስ ሲመጣ ይታያል ተባለ። ቅጂው ተላከ። መልስ አልመጣም። ልጄ ለዓመታት በየጊዜው እየሄደች ትጠይቅ ነበር፤ ኋላ ኋላ እነሱም እሷም ተሰላቹና ተዉት።

በማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆመን ስናነብ ልጄ ድምፅዋ ሳይለወጥ «ዲፕሎማውን ባላሳይም ይሄንኑ ይሰጡኝ ነበር» አለች።

ያን ሳምንት መምህሩን ጠሯቸው። ሰው መጥቶ ይዟቸው ሲሄድ በመስኮቴ አየሁ። ለደንበኛ የቆረጥኩትን ሱሪ ግራውንና ግራውን አጋጥሜ ሰፋሁት። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት፤ እንደገና ግራና ግራ። ባለቤታቸው ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ምን ይባላል? በማግሥቱ ቀትር ላይ በእግራቸው ሲመጡ አየናቸው።

«ምን አሉዎት?» አልኳቸው ገና ሳይደርሱ።

«ስለ ፖስታ ነው የጠየቁኝ። ሣጥኑን አስረክብ አሉኝ፤ ቁልፉን ሰጠኋቸው።» ጫማቸውን አራገፉ። «ምን ላድርግበት? ለእኔ እንደሆነ የሚጽፍልኝ የለም። የሚመጣው ሁሉ የልጅሽ ነበር።»

ስለ ሌላው ነገር፣ ሌሊቱን የት እንዳደሩ፣ ምን እንደተባሉ ተናግረው አያውቁም። ከዚያ ወዲህ የተማሪዎቻቸው ቁጥር እያነሰ ሄደ። የእሳቸውን ልጆች ዩኒፎርም ሁልጊዜ እኔ ያለ ዋጋ ሰፋሁ።

ልጄ ዓለም ጤና የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ሳወጣ ያኔ ያወጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ። እጄ ግን አጣጠፈ። ያን ሁሉ ዘመን መጋረጃ ሰፍቼ፣ ቀስ በይ እያልኩ ከቤት እንዳትወጣ የጠበቅኋት ልጅ፣ ቤት በመማሯ ምክንያት አላመኗትምና ከቤት ልትወጣ ነው። ለአባቷ ይሄን ስነግረው «እንግዲህ ቅርብ ናት፤ በአውቶቡስ ደርሰሽ ትመለሻለሽ» አለኝ። ለአሰብ መንገድ ሰው ሁሉም ቅርብ ነው።

ከተወሰኑ ወራት በኋላ ሄድኩ። ጣቢያው ቆርቆሮ ጣራ ያለው ሰፊ ዳስ ነው። ሽንኩርት በጆንያ ተቆልሏል፤ ሽታው ገና አስፋልቱ ላይ ሰውን ይቀበላል። ልጄ ከሚዛኑ አጠገብ ጠረጴዛ ይዛ የሚጠራላትን ክብደት ትጽፋለች። ፀሐይ አጥቁሯታል። አለቃዋ ሲያገኘኝ በትሕትና ጨብጦኝ አጠገቡ ላሉት ገበሬዎች «የጸሐፊያችን እናት ናቸው» አለ፤ «አሥራ ሁለተኛ የጨረሰችው ልጅ።» በጎ አስቦ ነው የተናገረው። ለእሱ ያ ሙሉ ምስጋና ነው።

ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ ጆንያው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ልጅሽ አታጭበረብርም» አለኝ። «በፊት የነበረው ሚዛኑን በእግሩ ይነካ ነበር። እሷ ሁለት ጊዜ ነው የምታይልን። የት ነው የተማረችው?»

ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነበር፦ «እዚሁ ናዝሬት፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሳለች» እልና ወሬ አዞራለሁ። ያን ቀን ግን አለቃው ያለው ቃል ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«ዲፕሎማ አላት» አልኩት። «የለንደን። እኔ ቤት ተቀምጣ ነው የተማረችው፤ መኪናዬ አጠገብ። እኔ አይቻታለሁ።»

ሰውዬው ለንደን የት እንደሆነ አልጠየቀኝም። «ጎበዝ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከሚዛኑ በኩል ግን የልጄ እስክሪፕቶ ቆመ። ጠረጴዛዋን ትታ መጣች። አለቃዋ የቆመበትን አየች፣ ከዳሱ ውጭ ጂፕ ተደግፈው የሚያወሩትን ሁለት ሰዎች አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ነጠላዬን የምታስተካክል መስላ ጆሮዬ ሥር ተናገረችኝ።

«እማ» አለችኝ፤ «ቀስ በይ።»